በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ

(ደሴ ውስጥ ለሞተረኞች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ ጻፍኩት። "እ…" እያልኩ የተንተባተብኩባቸውን ቦታዎች ብቻ ነው ያወጣሁት።)

ሰላም አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ? እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ?

ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ? ምሳ አልበላችሁም እንዴ? እንደምን ዋላችሁ? … እሰይ! አሁን ወሎዬ ሆናችሁ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ። ጥፋት ሠርቼ ነው የገባሁት። ቀደም ብዬ ስለደረስኩ ውጭ ያቆማችኋቸውን ሞተሮች ስዞር ቆየሁ። የሰው ንብረት መነካካት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ነካካሁ። ያኔ 11 ነበሩ። እያንዳንዱን መሪውን ይዤ ወደ ቁልቁለቱ ገፋ አደረግኩት። ሰባቱ ንቅንቅ አላሉም። ማርሽ ውስጥ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ይባረኩ። ሦስቱ ግን ይዘውኝ ሊሄዱ ነበር። መልሼ አቆምኳቸውና በእግሬ አንደኛ ውስጥ ከተትኳቸው። ስትወጡ "ማን ነካብኝ?" እንዳትሉ፣ እኔ ነኝ።

አንዷ ቀረች። ቀይ ቦክሰር ናት። እሷ ዜሮ ላይ ነች፣ ማርሽ ውስጥ አይደለችም፤ ከፊት ጎማዋ ሥር ግን የሕፃን ራስ የሚያክል ድንጋይ ተደርጎላታል። የማን ናት? አይ፣ አትንገሩኝ። ቆይቼ እመለስባታለሁ።

በዚህ የጀመርኩት ያለ ነገር አይደለም። ደሴ ሜዳ የላትም። እዚህ ኳስ እየተጫወተ ያደገ ያውቀዋል፤ ኳሷ ካመለጠች ቦርከና ድረስ ነው የምትከተላት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንግዲህ አስቡት። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን። ይህ እንግዲህ አስፋልቱ ነው። ወደ በሽሎ የሚወርደውን፣ ወደ ባቲ የሚወርደውን ደግሞ ጨምሩበት። የወሎ ሞተረኛ ግማሽ ዕድሜው ቁልቁለት ላይ ነው የሚያልቀው። ታዲያ ስለ መውረድ ማን አስተማረን?

እኔን ማንም አላስተማረኝም። የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። በ1991 ዓ.ም. ያማሃ ኤጂ 100 ተሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ኩታበር፣ ተንታ፣ ደላንታ፣ ወረባቦ፣ ለጋምቦ፣ ባቲ… ከብት ባለበት ሁሉ ሞተር ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ያሠለጠነኝ ሰው ያሳየኝ ማርሽ መጨመር ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ "ጎበዝ፣ ሂድ!" በቃ። "እንዴት ነው የምቀንሰው?" ስለው ምን አለኝ? "ስትቆም ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን የግራ እጅ መያዣ) ጨብጠህ ፍሬን ያዝ፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።" አልመጣም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እየወደቅኩ ነው የተማርኩት።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ሞተሩ ራሱ እንዴት ፍሬን እንደሚሆን። ሁለተኛ፣ ስንቆም ማርሹን እንዴት እንደምናወርድ። ሦስተኛ፣ የምንሳሳተው የት የት እንደሆነ። ሦስተኛው ይረዝማል። አብዛኛውን ስህተት የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ብዙ አውቃለሁ።

ወደ አንደኛው ልሂድ።

ይቺን ታዩአታላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ትታያችኋለች? ሲሪንጅ ናት። አትፍሩ፣ መርፌ የላትም፤ ደግሞም የበሬ ናት። አሁን ጫፏን በጣቴ ደፈንኩ። ማንሻውን ወደ ኋላ ልሳብ። እዩት… እምቢ ይላል። እየታገለኝ ነው። አየር መግቢያ ስላጣ ነው። ጣቴን ላንሳ። አሁን እንደ ቅቤ መጣ።

ሞተራችሁ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ፒስተኑ የሲሪንጁ ማንሻ ነው። የናንተ ቀኝ እጅ ደግሞ የእኔ ጣት። ነዳጅ ስትሰጡ የአየሩ በር ይከፈታል፤ ፒስተኑ እንደ ልቡ ይስባል። ነዳጁን ስትዘጉ በሩ ይዘጋል። ጎማው ግን ገና እየዞረ ነው፤ በካቴናው (በሰንሰለቱ) በኩል ሞተሩን እያስገደደ ያዞረዋል። ፒስተኑ አየር ለመሳብ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የተደፈነ ሲሪንጅ ይስባል። ፎር ስትሮክ ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው አየር የሚስበው፤ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ቢዞር፣ ፒስተኑ ይህን ትግል 2,000 ጊዜ ይታገላል። በደቂቃ 2,000 ጊዜ! የትኛው ክንድ ይችለዋል? ያ ድካም ነው ጎማውን የሚይዘው። የሞተሩ የራሱ ፍትጊያ ሲጨመርበት ደግሞ ይበረታል።

ማርሹ ሲከብድ፣ ማለትም ወደ አንደኛ ሲወርድ፣ ለምን የበለጠ ይይዛል? በከባድ ማርሽ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ሞተሩ ብዙ ዙር ይዞራል። ሲሪንጁን ብዙ ጊዜ ይስባል ማለት ነው። በአራተኛ ነዳጅ ዝጉ፣ ያዝ የሚያደርጋችሁ ነገር ብዙም አይሰማችሁም። በሁለተኛ ዝጉ፣ አንድ ሰው ከኋላ ጃኬታችሁን የያዘ ይመስላችኋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ጉልበት የሚደርሰው የኋላውን ጎማ ብቻ ነው። ካቴናው የታሰረው እዚያ ነዋ። የኋላውን ብቻ! ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ለመሆኑ ፍሬን እያለ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማንም ባይጠይቀኝም። ፍሬን የሚሠራው በፍትጊያ ነው። ፍትጊያ ሙቀት ነው። እኔ፣ ሞተሬና የክትባት ሳጥኔ አንድ ላይ 200 ኪሎ ገደማ እንመዝን ነበር። 200 ኪሎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢቀየር፣ ከሦስት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሦስት ሊትር ስንት ጀበና ነው? እናቶች ቢኖሩ ይነግሩን ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ለጎረቤት ይተርፋል። ከፊሉን ንፋሱ እንደሚወስደው እሙን ነው። የቀረውን ማን ይሸከመው? ሞተሩ ካልተሸከመው ያቺ ሚጢጢ የፍሬን ሸራ ናት የምትሸከመው። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። የዲስክ ፍሬን ያላችሁ ደግሞ ዘይቱን አስቡ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባበት ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ አረፋ ይሆናል። መያዣውን ስትስቡ አረፋውን ነው የምትጨምቁት።

እዚህ ላይ ስለ ኤጂ 100 ትንሽ ልበል፤ ከርዕሴ ልወጣ ነው፣ ታገሡኝ። እሷ ቱ ስትሮክ ናት። ቱ ስትሮክ ነዳጅ ሲዘጉበት እንደ ፎር ስትሮክ አይዝም። በዚያ ላይ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከነዳጁ ጋር ነው የሚገባው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ሞተሩን በከባድ ማርሽ ስታስጮኹት፣ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። ፒስተኑ ይደርቅና ይነክሳል። በሽሎ ቁልቁለት ላይ አንድ ጊዜ ነክሶብኛል። የኋላ ጎማዬ ክርር ብሎ ቆመ። ፍሪሲዮኑን በደመ ነፍስ ጨበጥኩት፣ ተረፍኩ። ደሴ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወስጄው ከፈተው፣ ፒስተኑን አየው፣ እኔን አየኝ። "አንተ ልጅ፣ ወንዝ ለወንዝ ከብት ስታጠጣ ትውላለህ፣ የራስህን ትረሳለህ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመሐሉ ነዳጅ ነካ አደርግላት ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ፎር ስትሮክ ነው የያዛችሁት፤ ዘይቱ ለብቻው ይዞራል፣ ይህ ሐሳብ የለባችሁም። የገጠር ጽሕፈት ቤት አሮጌ ሞተር የሚደርሳችሁ ካላችሁ ግን ጠይቁ። "ይቺ ቱ ስትሮክ ናት ወይ?" በሉ።

ሁለተኛው ነጥብ። አቋቋም።

እንበልና በ50 እየሄዳችሁ ነው፣ አራተኛ ላይ ናችሁ። ፊት ለፊት ሰዎች መንገድ ሊያቋርጡ ነው። ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ስፖኪዮ። ከኋላ ማን አለ? ከዚያ ነዳጁን ዝጉ። ሞተሩ ወዲያው መያዝ ይጀምራል። ሁለቱንም ፍሬን በለስላሳው ያዙ። ሁለቱንም እያልኩ ነው! ፍጥነቱ ትንሽ ሲወርድ ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፣ አንድ ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ቀስ ብላችሁ! ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ያዝ ሲያደርጋችሁም ይሰማችኋል። ይርጋ። እንደገና ጨብጡ፣ አንድ ቀንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሁለተኛ ላይ ደረሳችሁ። አሁን የእግር መንገደኛ ሊቀድማችሁ ነው። ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፣ አንደኛ አስገቡ፣ አትልቀቁት፣ በፍሬን ቁሙ። ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ። ቆማችኋል። አንደኛ ውስጥ ናችሁ።

የለመደ ሰው አንድ ነገር ይጨምራል። ማርሹን ቀንሶ ፍሪሲዮኑን ከመልቀቁ በፊት ነዳጁን አንዴ ነካ ያደርጋል፤ እምም! ሞተሩ ዙሩን ከጎማው ጋር ያስተካክላል፣ ስትለቁት አይመታችሁም። ያምራል ደግሞ፤ ኮረዶች ዞር ብለው ያያሉ። ግን በዚያው ቀኝ እጅ የፊት ፍሬኑንም ይዛችኋልና መጀመሪያ ላይ ያምታታል። ጀማሪ ከሆናችሁ ተዉት። ቀስ ብሎ መልቀቅ ይበቃል።

"አንደኛ ውስጥ መቆም ምን ይጠቅማል?" ለምትሉ የባቲን ታሪክ ልንገራችሁ።

ሰኞ ነው። ባቲ ገበያ። ሰኞ ባቲን የማያውቅ አለ እዚህ? ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ፣ መኪናው አንድ ላይ ነው። እኔ ያኔ እንደ ተማርኩት ነበር የምቆመው፤ ፍሪሲዮን ጨብጬ፣ ፍሬን ይዤ፣ በቃ። አራተኛ ላይ እንዳለሁ አንድ የጭነት አይሱዙ ከፊቴ ቆመ። እኔም ከጀርባው ቆምኩ። አይሱዙው ወደ ኋላ መምጣት ጀመረ። ጡሩንባ ነፋሁ። በዚያ የፍየል ጩኸት መሐል ማን ይሰማኛል? ነዳጅ ሰጠሁ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ፣ ጠፋ። በአራተኛ ማርሽ ማን ይነሳል? ማርሹን ልቀንስ በእግሬ ብመታው እምቢ አለ። የሞተር ሳይክል ማርሽ እንደ መኪናው ከፈለጋችሁት ላይ አይዘልም፤ በተራ ነው፣ ደግሞም ጎማው ሲዞር ነው በደንብ የሚገባው። ቆሞ ሲቀር ውስጥ ያሉት ጥርሶች ካልተገጣጠሙ ይቆልፋል። ወደ ፊት ወደ ኋላ እያወዛወዛችሁ፣ ፍሪሲዮኑን ነካ እያደረጋችሁ ነው የምታወርዱት። ለዚያ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። አይሱዙው ጊዜ አልሰጠኝም። ሞተሯን ትቻት ዘለልኩ። የፊት መብራቷና ማኑብሪዮዋ (መሪዋ) ተጨፈለቀ። አጠገቤ አንድ አፋር ሽማግሌ ግመሉን ይዞ ቆሟል። ግመሏን አሳየኝ፣ ሞተሯን አሳየኝ፣ "ይቺ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ያቺ ለምን አትሄድም?" አለኝ። ምን ልበለው?

ከዚያ ወዲህ የቆምኩበት ቦታ ሁሉ አንደኛ ውስጥ ነኝ፣ ስፖኪዮ እያየሁ ነኝ። ከኋላዬ የሚመጣው መኪና መቆሙን እስካላየሁ ድረስ ዜሮ አላደርግም።

እጅ አየሁ። በል ጠይቅ። … ድምፅ ማጉያው አልሰማ እንዳይል ልድገመው። ወንድማችን "ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አይጎዳም ወይ? የፍሬን ሸራ ርካሽ ነው፣ ካምቢዮ ውድ ነው" ይላል። እውነቱን ነው። ሙሉ በሙሉ አልቃወመውም። በፍጥነት እየሄዳችሁ ከአራተኛ አንደኛ ብታስገቡና ፍሪሲዮኑን ብትለቁት ሞተሩን ነው የምትገድሉት። ከአቅሙ በላይ ይዞራል። ግን አንድ በአንድ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ተከትላችሁ ብትቀንሱ ለዚያ የተሠራ ነው። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አብዛኛውን ሥራ ለፍሬኑ ስጡት፣ ማርሹ ይከተል። ቁልቁለት ላይ ይገለበጣል፤ ማርሹ ይያዝ፣ ፍሬኑ ይርዳው። እኔ የምኖረው እንዲህ ነው።

ስንተኛ ማርሽ ትሉኝ ይሆናል። የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች አንድ አባባል አላቸው፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ያንን ዳገት ለመውጣት ሁለተኛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ስትወርዱም ሁለተኛ። ማርሹን የምታስገቡትም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። በፊት! አፋፉ ላይ። ለምን እንደምጮህ አሁን ታያላችሁ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ስህተት። ትልቁን ላስቀድም።

በዜሮ መልቀቅ። እጃችሁን አውጡ፣ በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ካለው ከሐረጎ ቁልቁል በዜሮ ያልለቀቀ ማነው? … አየህ? አንድም እጅ የለም! ሞተሩን ጭራሽ በቁልፍ የሚያጠፋም አለ። ይገባኛል። ቤንዚን ግማሽ ቀን ተሰልፋችሁ ነው የምትቀዱት፤ ጠብታዋ ታሳዝናለች። ግን ስሌቱን አስቡት። በዜሮ ስትለቁ ሞተሩ ያው ቤንዚን እየጠጣ ነው። የምታተርፉት ቢኖር የሲኒ ቡና የማያክል ነው። አዲሶቹ ኢንጄክሽን ሞተሮች ደግሞ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ነዳጁን ስትዘጉ ቤንዚኑን ራሳቸው ይቆርጡታል። ሞተሩን ስታጠፉት ደግሞ በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ አብሮ ይጠፋል። በጭጋግ ውስጥ መብራት ሳይኖር!

እኔም ለቅቄ ነበር። ነሐሴ ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። የበግ ፈንጣጣ ክትባት በበረዶ ሳጥን አድርጌ ወደ ቃሉ ወረዳ ልወርድ ነው። ሳጥኑን ከኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ ጠፍሬዋለሁ። የደሴን የነሐሴ ጭጋግ ታውቁታላችሁ፤ ጦሳ ተራራ ራሱ የት እንደሄደ አይታወቅም። ሐረጎን እንዳለፍኩ ዜሮ አደረግኩና ለቀቅኩት። ጸጥታ። ንፋሱ ብቻ። ደስ ይላል፣ አልዋሻችሁም። በፍሬን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያልኩ ወረድኩ። ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለ ነገር። "ገበሬ ቆሻሻ አቃጥሎ ይሆናል" አልኩ። ከራሴ ጎማ የመጣ መሆኑን ማን ያስብ? ቀጥሎ የፊት ፍሬኑን ስስበው መያዣው ማኑብሪዮው ጋ ደርሶ ተጣበቀ። የኋላውን ረገጥኩ። እግሬ ወረደ፣ ሞተሯ አልቆመችም።

ያኔ ነው ማርሽ ትዝ ያለኝ። ፍሪሲዮን ጨብጬ ያገኘሁትን አስገባሁና ለቀቅኩት። ሁለተኛ ነበር የገባው። በዚያ ፍጥነት፣ በዚያ እርጥብ አስፋልት። የኋላ ጎማው ተነቀለ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ቅድም "የኋላውን ብቻ" ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ከባድ ማርሽ በድንገት ሲለቀቅ የኋላ ፍሬን በሙሉ ኃይል ከመርገጥ አይለይም።

ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ቀና ስል ጭጋጉ ውስጥ ሁለት አህዮች ቆመው ያዩኛል። የባሕር ዛፍ እንጨት ጭነዋል። ከኋላቸው አንዲት እናት። እሷ ወደ እኔ ሮጠች፣ አህዮቹ ሳያመነቱ ሳር ጀመሩ። "ምነው ልጄ? ማን እያባረረህ ነው?" አለችኝ። ማንም እያባረረኝ አልነበረም። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዳቦ አብጧል። የክትባቱ ሳጥን ተከፍቶ ብልቃጦቹ ጭቃው ውስጥ ተበትነዋል። አንድ በአንድ ለቅማ በነጠላዋ እየጠረገች ሰጠችኝ። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? መንገዷን ከመቀጠሏ በፊት የአህዮቹን ጭነት አየች። ከጭራቸው ሥር ዞሮ ጭነቱን ወደ ኋላ የሚይዘውን ጠፍር ጠበቅ ጠበቅ አደረገችው። ቁልቁለቱ ገና ነዋ። "እዚህ ካላጠበቅሁት ታች ላይ አንገታቸው ላይ ይወርዳል" አለችኝ። እኔ ምንም ሳልጠይቃት! እዚያው አፋፉ ላይ ነው የምታጠብቀው። እኔ ማርሼን የፈለግኩት ፍሬኔ ካለቀ በኋላ ነው።

እሺ፣ ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው።

የፊት ፍሬን ፍራቻ። "የፊቱን ከያዝክ ይገለብጥሃል" እየተባለ ያደገ ትውልድ ነን። ደረቅ አስፋልት ላይ ስትቆሙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከማቆሙ ሥራ 70 ከመቶ ገደማውን የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላውንና ማርሹን ብቻ ይዞ የሚነዳ ሰው የፍሬኑን ትንሹን ክፍል ይዞ ነው የሚዞረው። የፊቱን በድንገት አትቆንጥጡት፣ እየጨመቃችሁ አጥብቁት። ኮረት፣ ጭቃ፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ግን እጃችሁ ይለስልስ። ታጥፋችሁ ሳላችሁም እንደዚሁ። እዚያ ላይ አስቀድሞ የተቀነሰ ማርሽ ውለታው ብዙ ነው፤ ጎማውን ሳይቆልፍ እያዞረ ይይዘዋል።

የፍሬን መብራት። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። በማርሽ ብቻ ስትቀንሱ ከኋላ ያለው መብራት አይበራም! እናንተ እየቆማችሁ ነው፣ ከኋላችሁ ያለው ሚኒባስ ግን አያውቅም። ስለዚህ የፍሬኑን ፔዳል ነካ ነካ አድርጉት፣ መብራቱ ይናገርላችሁ። መብራቱ መሥራቱንም እዩ። ቅድም ውጭ ካየኋቸው ውስጥ የኋላ መብራቱ ጭራሽ የሌለ አለ፤ ስም አልጠራም።

ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ደግሞ ይህን ሁሉ ትምህርት እርሱት። ሕፃን ዘሎ ሲገባ ማርሽ አይቆጠርም። በ60 ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ታልፋላችሁ። አንድ፣ አለቀ። ሁለቱንም ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ዓይናችሁን ቀና። እግራችሁ ማርሹን እግረ መንገዱን ካወረደው ጥሩ። ካላወረደው ቆማችሁ ታወርዱታላችሁ።

የሰው ሞተር ስትዋሱም ማርሹን ጠይቁ። የአንዳንዱ ሁሉም ወደ ታች ነው የሚገባው፤ የሌላው አንደኛ ወደ ታች፣ የቀረው ወደ ላይ። እቀንሳለሁ ብሎ የጨመረ ጓደኛ አለኝ። አጥር ሰብሮ ሰርግ ቤት ገባ። አብልተው ነው የላኩት፤ ወሎ አይደል?

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ አስተናባሪዋ እያየችኝ ነው። የአሁኑን ልጨርስ።

ቀይዋ ቦክሰር። ቁልቁለት ላይ ስታቆሙ አንደኛ ውስጥ ክተቷት። ያው ሲሪንጅ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ጎማውን ይይዛል። ድንጋይ አያስፈልጋችሁም። የጭነት መኪና እየሄደ ጎማው ሥር የነበረውን ድንጋይ አስፋልት ላይ ጥሎ ሲሄድ ስንቴ አይተናል? ማታ በጭጋግ የሚመጣው እኛው ነን።

ስለዚህ የቀይዋ ባለቤት፣ ማንነትህን አልፈልግም። አሁን ሻይ ሊወጣ ነው። ከሁሉም ቀድመህ ውጣና ማርሿን አስገባ። ድንጋዩን ደግሞ እግርህ ጋ አትተወው። ከአጥሩ ሥር፣ ወዲያ ጥግ አድርገው።